የቮልስዋገን ኮምቢ ማሞቂያ

የቮልስዋገን ኮምቢ ማሞቂያ በአየር በሚቀዘቅዘው አሮጌ የቮልስዋገን ኮምቢ ላይ፣ ከሞተሩ የጭስ ማውጫ ሙቀት እየወሰደ የተሳፋሪውን ክፍልና የፊት መስታወቱን የሚያሞቅ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ «ቮልስ» በሚለው አጭር ስም የሚታወቀው ትንሹ የቤት መኪናም ተመሳሳይ ማሞቂያ አለው።

በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ማሞቂያ የሚሠራው ሞተሩን አቀዝቅዞ በሚመለሰው ሙቅ ውሃ ነው። ኮምቢ ግን ራዲያተርም ሆነ የማቀዝቀዣ ውሃ የለውም። ስለዚህ ማሞቂያው በአንድ በኩል ከጭስ ማውጫው፣ በሌላ በኩል ሞተሩን ከሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ ሁለት ውጤቶች ይከተላሉ። የማሞቂያው ክፍል ተበልቶ ሲቀደድ መርዛማ ጭስ ወደ ተሳፋሪው ሊገባ ይችላል፤ ማሞቂያው አያስፈልግም ተብሎ በግዴለሽነት ሲነሳ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ከወሎ ደጋ ወደ ራያ ቆላ ወርዶ ቆቦን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ሁለቱም ጉዳዮች በአንድ ቀን ጉዞ የሚያጋጥሙበት ነው።

ታሪክ

የኮምቢን የመጀመሪያ ንድፍ የሣለው ሆላንዳዊው የመኪና አስመጪ ቤን ፖን ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1947 ነበር። መኪናው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1950 በጀርመን ቮልፍስቡርግ ከተማ መመረት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ምርቱ ወደ ሐኖቨር ተዛወረ። የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1967፣ ሁለተኛው ትውልድ እስከ 1979 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሲመረት ቆይቷል። በብራዚል ግን ምርቱ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቀጥሏል፤ ከዚህ ውስጥ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር እስከ 2005 እ.ኤ.አ. አገልግሏል።

በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገባው ሙቅ አየር ሲሊንደሮቹን አቀዝቅዞ የመጣው ራሱ አየር ነበር። በዚህ ምክንያት የሞተር ዘይትና የቤንዚን ሽታ አብሮ ይገባ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይህ ተለወጠ፤ ከማራገቢያው በቀጥታ የሚወጣ፣ ሲሊንደሮቹን ያልነካ አየር በጭስ ማውጫው ዙሪያ ብቻ እንዲያልፍ ተደረገ። ዛሬ በመንገድ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ መኪኖች የሚጠቀሙት ይህንን ሁለተኛውን አሠራር ነው።

በኢትዮጵያ ቮልስ በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሰፊው የተለመደ መኪና ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡትም በቮልስ ነው። አሁንም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ አሮጌ ቮልሶች ሲሄዱ ይታያሉ።

አሠራር

የኮምቢ ሞተር ከመኪናው ኋላ ይገኛል። አራት ሲሊንደሮች ያሉት ሲሆን፣ ሁለቱ በግራ ሁለቱ በቀኝ ተጋድመው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከሞተሩ በላይ በላሜራ ቤት ውስጥ የተሸፈነ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው ዲናሞው በተቀመጠበት ዘንግ ላይ የተገጠመ ስለሆነ ሁለቱም የሚዞሩት በአንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ የባትሪ መሙላትም የሞተር ማቀዝቀዝም በአንድ ጊዜ ይቆማል። የዲናሞው መብራት ሲበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ማራገቢያው ከሚነፍሰው አየር አብዛኛው በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ላይ ያልፋል። የተወሰነው ደግሞ በማራገቢያው ቤት ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት መውጫዎች በኩል ወደ ታች ይወርድና ወደ ሁለቱ የማሞቂያ ሣጥኖች ይገባል። በእያንዳንዱ ሣጥን መሐል የሞተሩ የጭስ ቱቦ ያልፋል። በቱቦው ዙሪያ የአሉሚኒየም ክንፎች ስላሉ የጭሱ ሙቀት በክንፎቹ አድርጎ ወደሚያልፈው አየር ይሸጋገራል። አየሩና ጭሱ አይገናኙም፤ የሚለያያቸው የቱቦው ብረት ብቻ ነው።

የሞቀው አየር ከሣጥኖቹ ወጥቶ በመኪናው ወለል ሥር በተዘረጋ ረጅም ቱቦ ወደ ፊት ይሄዳል። ከፊት ሲደርስ ከፊሉ ወደ እግር፣ ከፊሉ ወደ መስታወት ይከፈላል። አሽከርካሪው ማንሻውን ሲያንቀሳቅስ ኬብል በየሣጥኑ ላይ ያለውን ክዳን ይከፍታል ወይም ይዘጋል።

ይህ አሠራር የራሱ ድክመት አለው። የአየሩ ኃይል በሞተሩ ዙር ስለሚወሰን፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ ፊት የሚደርሰው ሙቀት በጣም ትንሽ ነው። ከሞተሩ እስከ ፊት መስታወት ያለውም ርቀት ረጅም በመሆኑ አየሩ በጉዞው ይቀዘቅዛል። የኮምቢ ማሞቂያ ደካማ ነው የሚባለው በዚህ ነው። ስለዚህ በብርዳማ አገሮች በቤንዚን የሚነድ ተጨማሪ ማሞቂያ ይገጠምለት ነበር።

ዋና ዋና ክፍሎች

በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚነገሩት ብዙዎቹ የመኪና ክፍል ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ቺንጋና ዳዶ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የማሞቂያው ሥርዓት ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው፦

• የማሞቂያ ሣጥን፦ ግራና ቀኝ ሁለት ናቸው። በውስጣቸው የጭስ ቱቦና የአሉሚኒየም ክንፎች አሉ።
• የላይ ቱቦዎች፦ የማራገቢያውን ቤት ከሣጥኖቹ ጋር ያገናኛሉ። በሞተሩ ላሜራ በኩል ሲያልፉ ክፍተቱን የሚዘጋ ጎማ አላቸው።
• ክዳን፣ ሞላና ኬብል፦ የሙቅ አየሩን መንገድ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሞላው ክዳኑን ወደ ዝግ ቦታው ይመልሳል።
• የታች ቱቦዎች፦ ከሣጥኖቹ ወደ ወለሉ ዋና ቱቦ የሚወስዱ፣ የሚተጣጠፉ ቱቦዎች ናቸው።
• የወለል ዋና ቱቦ፦ ሙቀት እንዳይባክን የተሸፈነ ሲሆን ከመኪናው ሥር ከኋላ እስከ ፊት ይዘልቃል።
• ጋስኬትና ፋሼታ፦ ሣጥኖቹ ከቴስታታውና ከማርሚታው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ጭስ እንዳይወጣ ያጠብቃሉ።

በቆቦና በራያ ቆላ

ቆቦ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 1,470 ሜትር ይጠጋል። በምዕራብ የላስታ ደጋ ዳገት፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይከልሏታል። በዚህ ሜዳ ላይ ለሚውል ኮምቢ ማሞቂያ የማያስፈልግ ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን ከሜዳው የሚወጣው መንገድ በየትኛውም አቅጣጫ ፈጥኖ ወደ ብርድ ይገባል። በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ወልዲያ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ የጣርማበር መተላለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ይደርሳሉ። በስተሰሜን ደግሞ ከአላማጣ በኋላ የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረምና ማይጨው ደጋ ያወጣል።

የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከቆቦ ተነሥቶ ጣርማበር የሚደርስ መኪና ከከፍታው ልዩነት ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ብርድ ይጨመርበታል። በጣርማበር ጉም ሲወርድና የተሳፋሪዎቹ ትንፋሽ በመስታወቱ ላይ ሲጨስ፣ ማሞቂያ ለምቾት ብቻ ሳይሆን መንገዱን ለማየትም ያስፈልጋል።

በቆላው ግን ትኩረት የሚሻው ማቀዝቀዣው ነው። ራዲያተር ያለው መኪና ሲግል አንዳንድ አሽከርካሪዎች ከውሃው ሙቀት እንዲቀንስ ብለው ማሞቂያውን ይከፍታሉ። ይህ ዘዴ ለኮምቢ አይሠራም። ወደ ማሞቂያው የሚሄደው አየር በጭስ ቱቦው ዙሪያ እንጂ በሲሊንደሮቹ ላይ ስለማያልፍ ሲሊንደሮቹን አያቀዘቅዝም። ሜዳው ላይ የሚነሳው አቧራም በዘይት ከረጠበ የሲሊንደር ክንፍ ጋር ሲጣበቅ አየር እንዳያልፍ ይደፍናል። ስለዚህ የማሞቂያ ሣጥን ለመለወጥ ሞተሩ ሲገለጥ ክንፎቹን አብሮ ማጽዳት ጥሩ ልማድ ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠር ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በመሆኑም በትንሽ መጠንም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል።

የማሞቂያ ሣጥኑ የጭስ ቱቦ ከውስጥ በሙቀትና በእርጥበት፣ ከውጭ በጭቃና በውሃ እየዛገ ይሳሳል። ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ሲፈጠርበት ጭሱ በግፊት ወደ ሙቁ አየር ይገባል፤ አየሩ ደግሞ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። ክዳኑ ሲዘጋ መጠኑ ይቀንሳል እንጂ ክዳኑ ጥብቅ ስላልሆነ ሙሉ መከላከያ አይሆንም።

አደጋው በደጋ ይብሳል፤ ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ማሞቂያው የሚከፈተውና መስኮት የሚዘጋው በደጋ ነው። ሁለተኛ፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሰውነት ቀድሞውኑ የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር አየሩ ሲሳሳ የቤንዚኑ መጠን ከአየሩ አንጻር ይበዛበታል፤ ቤንዚን በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል።

የመመረዙ የመጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ከከፍታ ወይም ከጠመዝማዛ መንገድ ድካም ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። ተሳፋሪው «ዳገቱ ነው ያዞረኝ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መለያው፣ ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ሲታመምና ከመኪናው ወጥተው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ሲሻላቸው ነው። እንዲህ ሲሆን መኪናውን ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሁሉም ሰው እንዲወርድ ማድረግና ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል። እንቅልፍ የጣለውን ተሳፋሪ «ይተኛ» ብሎ መተው ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

የብልሽት ምልክቶችና ምርመራ

ማሞቂያው ተከፍቶ ሙቀት ካልመጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የተበጠሰ ወይም በዝገት የተያዘ ኬብል፣ የወለቀ ቱቦ ወይም የተቀደደ የወለል ቱቦ ነው። ማሞቂያው ሳይከፈት በቆላ ሙቅ አየር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሞላው ደክሟል ወይም ክዳኑ ክፍት ሆኖ ደርቋል።

የዘይት መቃጠል ሽታ የሚያመለክተው ዘይት ከሞተሩ ወደ ሣጥኖቹ እየተንጠባጠበ መሆኑን ነው። የጭስ ሽታ ከመጣ ግን ማሞቂያውን መጠቀም ማቆም ያስፈልጋል። ሽታ አለመኖሩ በራሱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱ አይሸትምና።

ለምርመራ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ቱቦዎቹ ይወልቁና በባትሪ መብራት ወደ ሣጥኑ ውስጥ ይታያል። ጥቁር ጥላሸት ከአየሩ መንገድ ውስጥ ከተገኘ ጭስ ሾልኳል ማለት ነው። ሣጥኑ በእጅ ሲመታ የተላቀቀ ዝገት ድምፅ ካሰማ ወይም ላሜራው በካቻቪቴ ሲጫን ከገባ ዕድሜው አልቋል። በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ መሣሪያ ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

የማሞቂያ ሣጥን አለዋወጥ

የሚከተለው ቅደም ተከተል ከ1,200 እስከ 1,600 ሲሲ ለሆነው የተለመደው ሞተር ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአንዳንድ ኮምቢዎች ላይ የተገጠመው ትልቁ ሞተር (1,700 ሲሲና ከዚያ በላይ) የተለየ ሣጥን አለው።

1. መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ይቆማል፣ ጎማዎቹ ይታገዳሉ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል። ሞተሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት።

2. የጭስ ማውጫው ዳዶዎች ከአንድ ቀን በፊት ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ይረጥባሉ። የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በላዩ የተተከለው ቡለን ከተሰበረ ማውጣቱ ከሣጥኑ ለውጥ የበለጠ ሥራ ይሆናል። እምቢ ያለ ዳዶ በኃይል ከመጠምዘዝ ይልቅ በሙቀት ይላላል፤ ከዚያም ወደፊትና ወደኋላ ጥቂት በጥቂት እየተንቀሳቀሰ ይወጣል። ነበልባል ከመጠቀም በፊት የቤንዚን ቱቦዎች መራቃቸውና አለማንጠባጠባቸው መረጋገጥ አለበት።

3. የላይ ቱቦዎች ይወልቃሉ፤ ከኋላ ያለው የሞተር ላሜራ ይነሳል። ማርሚታውን ከሣጥኖቹ ጋር የያዙት ፋሼታዎች ይፈታሉ። ማርሚታው ከኋለኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች ቴስታታ ላይ ተፈትቶ ይወርዳል።

4. የክዳኑ ኬብል ከማሰሪያው ይለቀቃል፣ የታች ቱቦው ይወልቃል። ከዚያ ሣጥኑ ወደ መኪናው ፊት ካለው ሲሊንደር ቴስታታ ላይ ሁለት ዳዶ ተፈትቶ ወደ ታች ይወጣል።

5. አዲሱ ሣጥን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይነጻጸራል፤ የቱቦዎቹ አቅጣጫ፣ የክዳኑ ክንድና የላሜራው ጠርዝ መመሳሰል አለባቸው።

6. የቴስታታው ፊት ከአሮጌ ጋስኬት ቅሪት ይጸዳል። ጋስኬት ሁልጊዜ አዲስ ይደረጋል፤ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ጋስኬት ተመልሶ አያጠብቅም።

7. ሣጥኖቹና ማርሚታው በመጀመሪያ ልል ሆነው ይገጠማሉ። ሁሉም ቦታቸውን ሲይዙ ዳዶዎቹ በየተራ ይጠብቃሉ። ለ8 ሚሊ ሜትር ቡለኖቹ 20 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃል። አንዱን ሣጥን ቀድሞ አጥብቆ ማርሚታውን በግድ መጎተት ለወደፊት ስንጥቅ ምክንያት ይሆናል።

8. ኬብሉ ይታሰራል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትና ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ መሆኑ ይፈተሻል። ቱቦዎቹ፣ ላሜራዎቹና ማጥበቂያ ጎማዎቹ ሁሉ ይመለሳሉ።

9. ሞተሩ ከቤት ውጭ ይነሳል። የማርሚታው ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ሲጋረድ በመጋጠሚያዎቹ የፉጨት ድምፅ ከተሰማ ጭስ ይሾልካል። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ።

የተበላ የጭስ ቱቦን በብየዳ መለጠፍ ለማሞቂያ ሣጥን የሚመከር አይደለም። ቱቦው በክንፎችና በላሜራ የተሸፈነ በመሆኑ ብየዳው ዙሪያውን መድረሱን ማየት አይቻልም፤ ከተበየደው ቀዳዳ አጠገብ ያለው ብረትም እኩል የሳሳ ነው። የውጭ ላሜራው ብቻ ሲቀደድ ግን መጠገን ይቻላል።

ማሞቂያውን ማንሳት

በቆላ ለሚኖር መኪና የተበላውን ሣጥን ከመለወጥ ይልቅ ጨርሶ ማንሳት የሚመርጡ አሉ። ይህ የሚቻል ሲሆን በሁለት ሁኔታዎች ብቻ ነው። አንደኛ፣ በሣጥኑ ቦታ ከቴስታታው እስከ ማርሚታው የሚደርስ ቀጥተኛ የጭስ ቱቦ መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ በማራገቢያው ቤት ላይ ያሉት ሁለቱ መውጫዎች በጥብቅ መደፈን አለባቸው። ክፍት ከተተዉ ለሲሊንደሮቹ የታሰበው አየር በከንቱ ይወጣል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሞተሩ ዙሪያ ላሜራ ነው። ላሜራው ከሞተሩ በላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው የጭስ ማውጫ ሙቀት ይለያል። ቱቦዎቹ የወጡበት ቀዳዳ ካልተደፈነ ከታች የጋለው አየር ወደ ላይ ተስቦ ተመልሶ በማራገቢያው ይገባል። በራያ ሜዳ በቀትር ሞተሩ የሚያስገባው አየር ቀድሞውኑ ሞቃት ስለሆነ ይህ ተጨማሪ ሙቀት ዘይቱን ያቀጥናል፣ የባልቦላዎችንና የቴስታታን ዕድሜ ያሳጥራል። የተነሳው ማሞቂያ ወደ ደጋ በሚደረግ ጉዞ መስታወት ማጽጃ እንደማይኖርም መታሰብ አለበት።

ምትክ ዕቃ

በ1963 እና በ1971 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠሩ ኮምቢዎች የማሞቂያ ሣጥን በአብዛኛው ከዚያው ዘመን ቮልስ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከተጣለ ቮልስ ላይ የተነሳ ደህና ሣጥን ለኮምቢ ሊያገለግል ይችላል። በአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ በብዛት የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እንዲህ ያለ ዕቃ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ያገለገለ ሣጥን ሲገዛ ከላይ የተጠቀሰው የመብራትና የጥላሸት ምርመራ ሳይደረግ መግጠም አይገባም፤ ሻጩ ከውጭ ቀለም ቢቀባውም የሚፈለገው የውስጡ ቱቦ ጤንነት ነው።

በኋላ የተመረቱ ርካሽ ቅጂዎች ከመጀመሪያዎቹ ያነሰ ሙቀት እንደሚሰጡ ይታወቃል፤ ብዙዎቹ በውስጣቸው ያሉት ክንፎች ጥቂት ናቸው ወይም ጨርሶ የሉም። ለቆላ መኪና ይህ ትልቅ ጉዳት አይደለም፤ ጣርማበርን ለሚያቋርጥ ግን ልዩነቱ በመስታወቱ ላይ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ቀድሞ የገቡት አሮጌ መኪኖች ግን በመንገድ ላይ መቆየታቸው አልቀረም። የኮምቢ ማሞቂያ ሣጥን ከእነዚህ መኪኖች ክፍሎች መካከል በተበላበት ጊዜ መኪናውን ሳያቆም፣ ድምፅ ሳያሰማና ሽታ ሳይሰጥ ሊቆይ የሚችል ነው፤ በመሆኑም እስኪበላሽ ሳይጠበቅ በየጊዜው መመርመር ያለበት ክፍል ነው።